ከግንባር የመጣ ደብዳቤ፦ ወረቀቱ ብቻውን ግማሽ ነው

በ1971 ዓ.ም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ድሬዳዋ ለገሃሬ አካባቢ በምንኖርበት ግቢ ለአንዲት ጎረቤታችን ከዘመተው ልጇ ደብዳቤ መጣላት። (ድሬ ላይ አንቱ መባባል ብዙም ስለማይለመድ፣ እንዳደግኩበት "እሷ" እያልኩ ልጻፍ።) ልጇ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ሚሊሺያ ሆኖ ሄዶ፣ ጅጅጋ ከተመለሰች በኋላ ወደ ኤርትራ ተዛውሮ ነበር። ፊደል አልቆጠረም። እሷም አልቆጠረችም። እኔ አምስተኛ ክፍል ስለነበርኩ በግቢው የመጣ ወረቀት ሁሉ፣ የመብራት ሒሳብ ሳይቀር፣ የሚነበበው በእኔ አፍ ነበር። በርጩማ ቀረበልኝ፣ ቡናው ተፈላ፣ ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ፖስታውን ቀደድኩት።

"ይድረስ ለተከበሩ እናቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ" ብዬ ስጀምር እጄን ያዘችኝ። "ቆይ! ይሄ የኔ ልጅ አይደለም። ልጄ መቼ ነው እርስዎ ያለኝ?" ፊቷ ሲለዋወጥ ዛሬም ይታየኛል። ሌላ ሰው ልጄ ነኝ ብሎ የጻፈ፣ የእሷ ግን የሞተ መሰላት። እኔ ደንግጬ ወደ ታች ወረድኩ። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው መስመር ላይ "የጓሮዋ ዘይቱን ዘንድሮ አፍርታ እንደሆነ ይጻፉልኝ ይላል" የሚል ነበረበት። ዘይቱኗን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እልል አለች።

"ይላል" የምትለዋን ቃል ያኔ ልብ አላልኳትም። ልብ ያልኳት ካደግኩ በኋላ ነው። ልጁ እየተናገረ ፊደል የሚያውቅ ጓደኛው ሲጽፍለት ነበር፤ ምናልባት አንቱታ ከማይቀርበት አገር የመጣ ጓደኛ። "አንቺ" የተባለውን በራሱ ወግ "እርስዎ" እያደረገ ሲጽፍ ቆይቶ፣ አንድ ቦታ ላይ ዘነጋና "ይላል" ብሎ ራሱን አሳየ። በዚያች ወረቀት ላይ አራት ሰዎች ነበሩ፦ ተናጋሪው፣ ጸሐፊው፣ አንባቢዋ እኔና ሰሚዋ እናት።

ይህን ያነሳሁት ከጦር ሜዳ ወደ ቤት የተላኩ ደብዳቤዎችን ስለ መሰብሰብ አሁን አሁን ወሬው ስለበዛ ነው። በየዓመቱ የካቲት 26 የካራማራ ድል ሲታሰብ ኒሻን ይታያል፣ የደንብ ልብስ ይለበሳል፣ የጦር አዛዦች ስም ይጠራል። ተራው ወታደር ለእናቱ፣ ለሚስቱ፣ ለታናሽ እህቱ ያለው ነገር ግን የለም። ይሰብሰብ የሚለው ሐሳብ ከልቤ ደስ ይለኛል። የምፈራው አሰባሰቡን ነው። ከሌላ አገር የተለመደውን መንገድ እንዳለ ከወሰድነው ወረቀቱን ይዘን ሰዎቹን እንጥላለን።

የሌላውን አገር ልምድ ላንሳ። አሜሪካዊው አንድሩ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1989 የወላጆቹ ቤት ተቃጥሎ የቤተሰቡ ደብዳቤዎች ሲወድሙ የደብዳቤን ነገር በሕይወቱ ሙሉ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ታዋቂ የጋዜጣ ዓምድ በኩል "በቤታችሁ ያለውን የጦር ሜዳ ደብዳቤ አትጣሉ" የሚል ጥሪ አስተላለፈ፤ ከመላ አገሪቱ ደብዳቤ ጎረፈለት። ዛሬ ስብስቡ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በቻፕማን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሌላ ዘዴ ሞከረ። ሕዝቡ ያለውን ይዞ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳለታል፣ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይኸው አሠራር ወደ ጀርመንና ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተዛመተ። ለእኛ የሚስማማን ይህ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

እነዚያ አገሮች ግን ደብዳቤ የሚጽፍ ወታደር ነበራቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ የጦር ፖስታ በሳምንት 12 ሚሊዮን ገደማ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። ይህ የሆነው ወታደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለፈ ስለነበር ነው። በእኛ አገር ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ከ10 ሰው 9ኙ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በ1969 በእናት አገር ጥሪ ከየገጠሩ ተጠርቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ገበሬ አብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። ታላቁ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1971 ነው፤ ካራማራ ካለፈ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ። ስለዚህ የ1969 እና የ1970 የሚሊሺያ ደብዳቤ በአብዛኛው በአፍ የተነገረ፣ በሰው እጅ የተጻፈ፣ በሌላ ሰው አፍ የተነበበ ነው። "ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ" የሚለው መግቢያ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አይቶ "ቁም ነገር የለውም" የሚል ተመራማሪ አይጠፋም። መግቢያው የጸሐፊው ነው። ቁም ነገሩ ያለው ዘይቱኗ ጋ ነው።

ነገሩ በድሬዳዋና በሐረር ደግሞ ይበልጥ ይወሳሰባል። በእነዚህ ሁለት ከተሞች በአንድ ሰፈር አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪና ዐረብኛ ይነገራል። ኦሮምኛ የላቲን ፊደሉን ቁቤን በይፋ የያዘው በ1984 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የኦሮሞ እናት ልጅ በኦሮምኛ ተናግሮ ጓደኛው በአማርኛ ይጽፍለታል። ድሬ ሲደርስ አንድ ተማሪ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ መልሶ ለእናቲቱ ያሰማታል። ንግግሩ ሁለት ጊዜ ተተርጉሞ ነው የሚደርሳት። ወረቀቱን ብቻ የሚያይ ሰው "የአማርኛ ደብዳቤ" ብሎ ይመዘግበዋል፤ ግማሹ እውነት በዚያው ይቀራል። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመን በ15 ቋንቋዎች ሲስተማር ሁሉም በግእዝ ፊደል ነበር። ከዚያ ወዲህ በግእዝ ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ ደብዳቤ በአንዱ ሣጥን ውስጥ ካለ፣ እንደ ወርቅ ሊያዝ የሚገባው እሱ ነው። ሐረሪውና ሶማሌው በዐረብ ፊደል የጻፈውም እንዲሁ።

የጦርነቱን ሌላ ገጽም ልሸሽ አልፈልግም። ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲያጠቃ፣ ሐረርም ለወራት ስትከበብ፣ ድንበሩ የብዙ ቤተሰብ መሃል ለመሃል ነበር የሚያልፈው። እዚህ ከተማ ውስጥ ወንድም ወዲህ፣ ወንድም ወዲያ የቀረበት ቤት አለ። የወዲያኛው ወንድም ደብዳቤም የዚሁ ቤት ደብዳቤ ነው። ስንሰበስብ "የማን ጦር?" ብለን ከጀመርን እነዚያ ቤቶች በራቸውን ይዘጋሉ፤ ልክም ናቸው። ከኢትዮጵያ ጎን የተሰለፉ ከ10 ሺህ በላይ ኩባውያንም በ1970 በዚህ ምድር ነበሩ፤ እነሱም ቤት ነበራቸው፣ ጽፈዋል፤ ስለ ሐረርና ስለ ጅጅጋ የሚናገር ወረቀት በባሕር ማዶ ሰው መሳቢያ ውስጥ አለ።

ምርኮኞቹ ደግሞ ለብቻቸው ይታሰቡ። በዚያ ጦርነት የተማረኩ ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን አገራቸው የገቡት ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም ከተስማሙ በኋላ፣ በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል በኩል ነው። የተዋጊ ጀት አብራሪው ለገሠ ተፈራ ከእነሱ አንዱ ነበር። ከ10 ዓመት በላይ! ምርኮኛ ለቤተሰቡ የሚጽፈው የቀይ መስቀል መልእክት ክፍት ወረቀት ነው፤ ፖስታ ውስጥ አይታሸግም፣ ባለሥልጣን ያነበዋል፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው የሚፈቀድበት። ስለዚህ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የሞተ አያቱን "ሰላም በሉልኝ" ብሎ የሚጽፍ አለ። ከቤቱ ሰው በስተቀር የሚፈታው የለም። የቤቱ ሰው ካለፈ በኋላ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ተራ ሰላምታ ነው።

ድሬዳዋና ሐረር ለዚህ ሥራ የሚመቹበት ምክንያት የጦር ከተሞች መሆናቸው ብቻ አይደለም፤ የመልእክት ከተሞችም ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ፖስታን ሲያቋቁሙ ሐረር ከመጀመሪያዎቹ መሥመሮች ላይ ነበረች። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ደብዳቤ ሁሉ በዚህ አለፈ። በ1943 ዓ.ም ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃም ጅቡቲ ላይ መርከብ የተሳፈረው በዚሁ ሐዲድ አልፎ ነው። ቃኘው የሐረሩ ገዥ የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። በኮሪያ በተለያየ ጊዜ 6,037 ኢትዮጵያውያን ዘምተው ከ120 በላይ ሞተዋል። ከእነዚያ ዘማቾች የመጣ ደብዳቤና ጀርባው ላይ "ለማስታወሻ" ተብሎ የተጻፈበት ፎቶ ዛሬ በልጅ ልጅ እጅ ነው፤ እነሱም ብዙዎቹ ያለበትን አያውቁም።

ሐረር ላይ አንድ ነገር ይገለበጣል። የ3ኛ ክፍለ ጦር መምሪያና በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የጦር አካዳሚ የነበሩት እዚያ ነው። ከሐረር የተጻፈው ደብዳቤ የሚገኘው ሐረር አይደለም፤ ጎጃም፣ ወሎ፣ ትግራይ፣ ሲዳሞ ነው። ሐረርና ድሬ ያሉት ቤቶች የያዙት ደግሞ ከአስመራ፣ ከናቅፋ፣ ከምጽዋ የመጣውን ነው። አንድ ከተማ ብቻዋን የራሷን ታሪክ ሰብስባ አትጨርስም ማለት ነው።

ለምን አሁን? በ1970 ዓ.ም የ20 ዓመት ልጅ የነበረ ወታደር ዛሬ ወደ 70 ተጠግቷል። የጻፈላት እናት አብዛኛውን ጊዜ የለችም። ያነበብንላት ልጆች ነን የቀረነው፣ እኛም ሸምግለናል። የኮሪደር ልማቱ ድሬዳዋም ሐረርም ገብቶ ብዙ አሮጌ ቤት ተነስቷል፤ ሰው ዕቃ ሲያዘዋውር መጀመሪያ የሚጥለው አሮጌ ወረቀት ነው። ከዚያ በፊትም ብዙ አልቋል። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን የደንብ ልብስ ያለበትን ፎቶና የክፍል ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ምድጃ ውስጥ የጨመረ ቤት ብዙ ነው። በእኛም ቤት አክስቴ አንድ ሌሊት የቀደደችውን ቀድዳ የቀረውን ፍራሽ ውስጥ ሰፍታዋለች። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ደግሞ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በዚያ ሌሊት የጠፋውን ነፍስ እያሰበ ስለ ወረቀት የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ አይገባምም ነበር። ግን ሣጥኖቹም አብረው ሄደዋል።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የምናውቃቸውን ቤቶች መጠየቅ ከጀመርን ወዲህ ያየሁትን ልናገር። ከምስጥ ቀጥሎ ትልቁ ጠላት ላሚኔሽን ነው። ሰው ስለሚወደው ደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ በትኩስ ፕላስቲክ ያስጠርዘዋል። ሙቀቱ እስክሪብቶውን ያደበዝዘዋል፣ ፕላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ መላቀቂያ የለውም። የተቀደደ ወረቀት በፕላስተር መለጠፍም እንዲሁ ነው፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ፊደሉን ይበላዋል። አጥብቆ በታሰረ ፌስታል ውስጥ የተቀመጠ ደግሞ እርጥበት ያፍናል። ንጹሕ ደረቅ ፖስታ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቦታ፣ ከጸሐይና ከኩሽና ራቅ ያለ፤ ይኸው ይበቃል።

ፖስታው አይጣል። ብዙ ወታደር ወር እንጂ ዓመት አይጽፍም፤ ዓመቱን የምናገኘው ቴምብሩ ላይ ካረፈው የፖስታ ቤት ማኅተም ነው። በልጅነታችን ቴምብር ለመሰብሰብ ፖስታውን በመቀስ እንቆርጥ ነበር፤ ያጠፋነው ዛሬ ነው የገባኝ። አድራሻውም ራሱ ታሪክ ነው። በአገራችን ያኔ ፖስተኛ ቤት ለቤት አይዞርም ነበር፣ ሁሉም የፖስታ ሣጥን ቁጥር አልነበረውም። ስለዚህ "በባለ ሱቁ በአቶ እገሌ በኩል" ይባል ነበር፣ በምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ቁጥር ይላክ ነበር፣ ወይም በሰው እጅ ይመጣና ፖስታው ላይ "ባሉበት" ተብሎ ብቻ ይጻፍ ነበር። "ለእናቴ፣ ባሉበት"። ያ ባለ ሱቅ ማን ነበር? ስንት እናት በእሱ መደብር ደጃፍ ትቆም ነበር? ይህ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ጠይቆ መጻፍ ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው ወስዶ ከማስቀመጥ ቀድቶ መመለስ ይሻላል የምለው። እናት ልጇ ከሞተ በኋላ የያዘችውን የመጨረሻ ወረቀት ስጪኝ ማለት ግፍ ነው። በስልክም ቢሆን፣ በመስኮት ብርሃን፣ ፊቱንም ጀርባውንም ፖስታውንም ፎቶ አንስቶ ወረቀቱን እዚያው ለእጇ መመለስ ይቻላል። ከዚያ ደብዳቤው በባለቤቱ ድምፅ ይነበብና ይቀዳ። ሰው የሚያውቀውን ደብዳቤ ሲያነብ መሃል ላይ ይቆማል፤ "እዚህ ጋ እኮ የሚለው…" ብሎ ይጀምራል። የሚፈለገው እሱ ነው። መመዝገቢያ ወረቀቱም ላኪና ተቀባይ ብቻ ሳይሆን "ማን ጻፈው?"፣ "ማን አነበበው?"፣ "በምን ቋንቋ ተሰማ?" የሚሉ ቦታዎች ሊኖሩት ይገባል። በውጭ አገር ቅጽ ላይ እነዚህ የሉም፤ እዚያ አያስፈልጉም ነበር።

ሐረር ለዚህ ከደጃፏ ምሳሌ አላት። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከየቤቱ የሐረርን የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲምና ጌጥ፣ የዘፈን ካሴት ሳይቀር እየለቀሙ በ1990ዎቹ በገዛ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ። በኋላ የራስ ተፈሪ ቤት ተሰጣቸው፣ የጥንቱን የመጽሐፍ ጥረዛም ሥራ መልሰው አስነሱ። የአንድ ሰው ጽናት ነው የጀመረው። ጆሮም እንደ ወረቀት ቅርስ መያዣ መሆኑን ካሴቶቹን ሲሰበስቡ ያወቁ ይመስለኛል።

ሕጉን ሳላነሳ ባልፍ ሰዎችን ችግር ውስጥ እከታለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 31 ምሥጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን መግለጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ወረቀቱ የእናቲቱ ነው፣ ቃሉ ግን የልጁ ነው። በ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ደግሞ የጸሐፊው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ይህን ሳስብ አንድ ነገር ልቤን ይነካዋል፦ በ1970 ግንባር ላይ የወደቀው ልጅ 50 ዓመቱ በ2020 ይሞላል፣ ተርፎ የተመለሰው ጓደኛው ግን ከዚያም በኋላ በሕጉ ጥላ ሥር ይቆያል። ያኔ የሞተውን ደብዳቤ ማተም ይቀላል። ቀለለ ተብሎ ግን አይታተም። ደብዳቤው ውስጥ የተነሳችው ሚስት ዛሬ ሌላ ልጆች ያላት አያት ልትሆን ትችላለች፤ "እገሌ ከዳ" ተብሎ የተጻፈበት ሰው ልጆች በዚሁ ከተማ ይኖራሉ። መሰብሰብና ማሳተም ለየቅል ይሁኑ። ተሰብስቦ 20 ዓመት ቢዘጋ ችግር የለውም።

በቅርቡ ጦርነት የዘመቱት ልጆችስ? የእነሱ ደብዳቤ በቴሌግራም የተላከ ቮይስ ነው። ስልኩ ሲሰበር፣ ሲም ካርዱ ሲቀየር፣ አካውንቱ ሲጠፋ ድምፁ አብሮ ይሄዳል። አንዲት የሰፈሬ እናት የልጇን የመጨረሻ ቮይስ ስልኳ ውስጥ ይዛ ስልኩን ለማንም አታስነካም፤ ቻርጀር ስትሰካ እንኳ እጇ ይንቀጠቀጣል። ልጄ በፍላሽ ገልብጦ በሁለት ቦታ አስቀመጠላት፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያ ቮይስ የድሮው ደብዳቤ ወንድም ነው፤ ልጁ ተናገረ፣ እናቱ ሰማች፣ በመሃላቸው ጸሐፊም አንባቢም አልገባም። እያንዳንዱ ቤት ዛሬ ማታ ሊያደርገው የሚችለው ነው።

የዚያች ጎረቤቴ ደብዳቤዎች በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ። ከ1973 በኋላ የመጣ የለም። ቆርቆሮውን ደቻቱ ወሰደው፤ እሷ ከጎርፉ ተርፋ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈች። ባለፈው ወር መመዝገቢያ ወረቀቱን ስናዘጋጅ እኔም ተቀምጬ የማስታውሰውን ጻፍኩ፦ የዘይቱኗን መስመር፣ "ይላል" የምትለዋን፣ የወረቀቱን ዓይነት፣ ከደብተር የተገነጠለ ባለ መስመር ሉክ መሆኑን። ያልተነበበም አንድ መስመር ነበር። "ግራ እጄ ላይ ትንሽ ነገር አግኝቶኝ ነበር፣ ሁለት ጣት ቀርቷል እንጂ ደህና ነው" ይል ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እናቱ እልል ካለች በኋላ ያን ማንበብ አቃተኝና ወደሚቀጥለው ወረድኩ። ከዚያ በኋላም አልነገርኳትም። "ማን አነበበው?" በሚለው ቦታ ላይ ስሜን ጽፌ፣ ከሥሩ የዘለልኩትን መስመር አስገባሁ።